ዘንጉ የሚሰበረው ዓሣው ሲደክም ነው

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት ስለ ዓሣ ነው፤ ግን ስለ መረብም ስለ ጉላሽም አይደለም። ትልቅ ዓሣ በቀጭን የፍላይ ዘንግ ተይዞ፣ ዘንጉ ሳይሰበር፣ እንዴት ዳር እንደሚደርስ እንነጋገራለን።

ዘንጉ የተሰበረበት ሰው የሚያወራው ታሪክ የትም አገር ይመሳሰላል። ዓሣው ማጥመጃውን ይነክሳል። ክሩን ከመጠቅለያው እያንጫረረ ሃምሳ ሜትር ያህል ይሮጣል። ይቆማል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሮጣል። ሰውዬው እየጠቀለለ፣ እየለቀቀ፣ መልሶ እየጠቀለለ ያደክመዋል። በመጨረሻ ዓሣው በጎኑ ተጋድሞ፣ ነጭ ሆዱ እየታየ፣ እግሩ ሥር ይደርሳል። ሰውዬው በግራ እጁ ሊይዘው ጎንበስ ይልና ቀኝ እጁን ከነዘንጉ ከትከሻው በላይ ወደ ኋላ ይሰቅለዋል። ቀጭ! ዘንጉ ለሁለት ይከፈላል። ዓሣው ክሩን በጥሶ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ሰውዬው ደግሞ ስብርባሪውን ይዞ የፋብሪካውን ስም እያነሳ ይራገማል።

ፋብሪካው ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛ አይደለም። ዘንጉ ዓሣው በሙሉ ጉልበቱ ሲጎትት አልተሰበረም። የተሰበረው ዓሣው ከደከመ በኋላ፣ ክሩ ካጠረ በኋላ፣ ሰውዬው ከቸኮለ በኋላ ነው።

ትልቅ ዓሣ በቀጭን ዘንግ የማውጣትን ዕውቀት በብዛት ያዳበሩት የሳልሞን አጥማጆች ናቸው። ሳልሞን በኢትዮጵያ ውሃ ውስጥ የለም። በሰሜን አትላንቲክና በሰሜን ፓስፊክ ዙሪያ የሚገኝ፣ በወንዝ ተፈልፍሎ ባሕር ገብቶ የሚያድግ፣ ለመራባት ደግሞ ወደ ተወለደበት ወንዝ የሚመለስ ዓሣ ነው። በስኮትላንዱ የዴቨሮን ወንዝ ክሌመንቲና ሞሪሰን የተባሉ ሴት በ1924 እ.ኤ.አ. በፍላይ የያዙት ሳልሞን 61 ፓውንድ፣ ማለትም ከ27 ኪሎ ተኩል በላይ ይመዝን ነበር። አሜሪካዊው ሊ ዎልፍ ደግሞ 6 ጫማ ብቻ በሚረዝምና 50 ግራም ያህል በሚመዝን የቀርከሃ ዘንግ ሳልሞን እያወጣ ስሙን ተክሏል። በሞሪሰን ዘመን የካርቦን ፋይበር ዘንግ የሚባል ነገር አልነበረም። ስለዚህ ወፍራምና ጠንካራ ዘንግ ካልያዝኩ ትልቅ ዓሣ አይወጣልኝም የሚል ሰው ሰበብ እየፈለገ ነው።

የሳልሞን ቤተሰብ አገራችንን ጨርሶ አልረገጠም ማለት ግን አይቻልም። ትራውት የሚባሉት ዘመዶቹ ከኬንያ መጥተው በባሌ ተራሮች ቀዝቃዛ ወንዞች፣ በወይብና በዳንካ፣ ተለቀዋል። ፍላይ ዘንግ ተሸክሞ ወደ ዲንሾ የሚያቀና ጎብኚ ቢገጥማችሁ የሚሄደው ለእነሱ ነው።

የጣና ዳር ሰው ባሌ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ደጁ ላይ ያለው ዓሣ ከሳልሞን ጋር በዘር ባይዛመድም በጠባይ እጅግ ይቀራረባል። ጣና ላይ ነጭ ዓሣ የሚባሉት፣ ተመራማሪዎች ላቤዮባርበስ የሚሏቸው ዓሦች፣ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. መጥቶ ናሙና ከወሰደ ጀምሮ የሳይንስ ሰዎችን ሲያነጋግሩ ኖረዋል። ሆላንዳውያኑ ሊዮ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ባካሄዱት ጥናት 15 የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን ለይተዋል። ከ15ቱ 8ቱ ሌላ ዓሣ አሳደው የሚበሉ ናቸው። ቅርጹ ትራውትን ስለሚመስል ስሙን ከትራውት ያገኘ ዝርያም በመካከላቸው አለ። ትልልቆቹ እስከ 1 ሜትር ሊረዝሙ ይችላሉ። በአንድ ሐይቅ ውስጥ ይህን ያህል የነጭ ዓሣ ቤተሰብ ትልልቅ ዝርያዎች አብረው የሚኖሩበት ሌላ ቦታ ዛሬ በዓለም ላይ የለም፤ በፊሊፒንስ ላናዎ ሐይቅ የነበረው ተመሳሳይ ስብስብ ጠፍቷል።

ለዚህ ሀብት ባለውለታው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነው። ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ገደል ከታች የሚመጣውን ዓሣ አያሳልፍም። በጫሞና በባሮ የሚገኘው ግዙፉ የናይል ፐርች ጣና ያልገባው በዚሁ ምክንያት ነው። ጣና ላይ የዓሣ አዳኝ ቦታ ባዶ ሆኖ ስለቆየ ነጭ ዓሣ ራሱ አዳኝ ሆነ። የሚገርመው ደግሞ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። ለአጥማጁ ይህ መልካም ዜና ነው፤ ክሩን ነክሶ ስለማይበጥሰው ሽቦ መቀጠል አያስፈልግም።

በባህር ዳር ዙሪያ ዓሣ የሚሰገረው በመረብና በተራ መንጠቆ ነው። በፍላይ ዘንግ የሚያጠምድ ጥቂት ሰው ስለሆነ ስለ መሣሪያው ሁለት ቃል ማለት ያስፈልጋል።

ተራ መንጠቆ የሚጥል ሰው ክሩን የሚወረውረው በእርሳስ ወይም በድንጋይ ክብደት ነው። በፍላይ ግን ማጥመጃው ከላባና ከፀጉር የታሰረ፣ ዝንብ ወይም ትንሽ ዓሣ መሳይ፣ ክብደት የሌለው ነገር ነው። ስለዚህ የሚወረወረው ክሩ ራሱ ነው። ክሩ ወፍራምና ከባድ ሆኖ ይሠራል፤ ዘንጎችም ቁጥር የሚሰጣቸው በሚሸከሙት የክር ክብደት ነው። ለትልቅ ዓሣ የሚመረጠው ቁጥር 8 ነው፤ የዚህ ክር የመጀመሪያው 9 ሜትር 14 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከወፍራሙ ክር ጫፍ ላይ ስስ ናይለን ይቀጠላል፣ ከኋላው ደግሞ ዓሣው ሲሮጥ የሚለቀቅ ብዙ ሜትር ተጠባባቂ ክር ይጠቀለላል።

ዘንጉ ወደ 2 ሜትር ከ70 ይረዝማል። በአራት ቁራጭ ተሠርቶ እየተሰካካ የሚገጠም የካርቦን ፋይበር ቱቦ ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው። ክብደቱ ከ100 ግራም ብዙ አይርቅም። ከቡሽ እጀታው በላይ ያለው ግንዱ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው፤ ወደ ላይ እየቀጠነ ሄዶ ጫፉ ላይ የክብሪት እንጨት ያክላል። የዛሬው ትምህርት በሙሉ የሚያርፈው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ጫፉ የተሠራው ቀላል ማጥመጃ ለመወርወርና የዓሣውን ንክሻ ለመንገር ነው። ሸክሙን እንዲችል የተሠራው ግንዱ ነው። ትልቅ ዓሣ ሲያዝ የአጥማጁ ሥራ ሸክሙን ከጫፉ አንስቶ ወደ ግንዱ ማውረድ ይሆናል።

እንዴት? በማዕዘን።

ሰውዬው ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ወደ ሰማይ ቢያቆመውና ክሩ ከጫፉ ወርዶ ወደ እግሩ ቢሄድ፣ ግንዱ ምንም ሳይጎብጥ ጫፉ ብቻ ታጥፎ ይዞራል። እጁ ላይ ብዙ ክብደት አይሰማውም፤ ስለማይሰማውም ምንም አደጋ ያለ አይመስለውም። ጫፉ ግን በትንሽ ርቀት ላይ በኃይል ተጣጥፏል። ባዶ ቱቦ ከልክ በላይ ሲታጠፍ ክብነቱን ያጣና ይጨፈለቃል፤ ከተጨፈለቀ በኋላ መሰበሩ የቅጽበት ጉዳይ ነው። የካርቦን ክሮች በርዝመታቸው ሲጎተቱ እጅግ ጠንካራ ናቸው፤ ሲጨመቁና ሲጨፈለቁ ግን ያን ያህል አይችሉም።

አሁን ያው ሰው ዘንጉን ዝቅ ያድርገው። ክሩና እጀታው የሚሠሩት ማዕዘን ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ይሁን። ወዲያው መጉበጡ ከጫፉ ወደ መሐል፣ ከመሐል ወደ ግንዱ ይወርዳል። ጫፉ ወደ ክሩ አቅጣጫ ይዘረጋል፤ የሚጎተት እንጂ የሚታጠፍ አይሆንም። ክንድና ወገብ ግን በአንዴ መሥራት ይጀምራሉ። የሚያደክመው አያያዝ ዘንጉን የሚያድነው ነው፤ የሚመቸው አያያዝ ደግሞ የሚሰብረው ነው። ጀማሪዎች የሚሳሳቱትም ለዚህ ነው፤ ሰው የሚመቸውን ይመርጣል።

ይህን ነገር ለማመን ዓሣ መጠበቅ አያስፈልግም። ባህር ዳር አጠገብ ሰባታሚት ያለ አድማጭ ግቢው ውስጥ ሊሞክረው ይችላል። ገበያ ላይ የሚንጠለጠለውን የእጅ ሚዛን ጓደኛው ጨብጦ በ15 ሜትር ርቀት ይቁም፤ የክሩ ጫፍ ከሚዛኑ ጋር ይታሰር። አንደኛው ዘንጉን ከፍ አድርጎ እየጎተተ ጓደኛው ንባቡን ይጥራ። ከዚያ ዘንጉን ወደ ጎን ዝቅ አድርጎ፣ ወገቡን አዙሮ፣ በግንዱ ይጎትት። በመጀመሪያው ጊዜ ጎታቹ የተቻለውን ሁሉ ያደረገ ሲመስለው ሚዛኑ ብዙም አይነቃነቅም። በሁለተኛው ንባቡ በግልጽ ይጨምራል። ዓሣው የሚያውቀው ሚዛኑ ላይ የተነበበውን ነው፤ ጎታቹ የተሰማውን አያውቅም።

ሁለተኛው ሙከራ በጀሪካን ነው። አንድ ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል። ይህን ጀሪካን በፍላይ ዘንግ ከመሬት ለማንሳት መሞከር ጭንቅ ነው፤ በውድ ዘንግ ባይሞከር ይሻላል። ታዲያ አንድ ኪሎ ማንሳት የሚከብደው ዘንግ እንዴት አምስት ኪሎ ዓሣ ያወጣል? መልሱ ውሃው ውስጥ ነው። ዓሣ በሆዱ ውስጥ ባለው የአየር ፊኛ ክብደቱን ስለሚያመጣጥን ውሃ ውስጥ እያለ ክብደት የለውም ማለት ይቻላል። አጥማጁ የሚታገለው ከዓሣው ጉልበትና ከውሃው ግፊት ጋር ነው። ዓሣው ከውሃ በወጣባት ቅጽበት ግን አምስቱ ኪሎ ሙሉ በሙሉ ይመጣል። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፦ ዓሣ በዘንግ ይመራል እንጂ በዘንግ አይነሳም።

እንግዲህ ዓሣው ተይዟል እንበል። የመጀመሪያው ሩጫ የሱ ነው፤ ይሩጥ። የመጠቅለያው ፍሬን አስቀድሞ የተስተካከለ መሆን አለበት፤ ክሩ ከመበጠሱ በፊት የሚለቅ፣ ዓሣው ደግሞ በነፃ የማይወስደው ልክ። ዓሣው እየሮጠ ፍሬን ማጥበቅ ክሩን በገዛ እጅ መቁረጥ ነው። በእግር ሥር የተከመረ ክር ካለ መጀመሪያ እሱ ይጽዳ፤ በጫማ የተረገጠ ክር ብዙ ዓሣ አስመልጧል። ዓሣው ከውሃ ዘሎ ሲወጣ ዘንጉን ወደ እሱ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ክሩ እንደተወጠረ ክብደቱን ይዞ ቢወድቅበት ይበጠሳል።

ሩጫው ሲያበቃ ተራው የአጥማጁ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ወደ ላይ ይጎትታል። ወደ ላይ ሲጎተት የዓሣው ጭንቅላት ይነሳል እንጂ አቅጣጫው አይቀየርም፤ በሰውነቱ ሙሉ ጉልበት ወደ ፊት መዋኘቱን ይቀጥላል። ወደ ጎን ሲጎተት ግን ጭንቅላቱ ይዞራል። ዓሣው ወደ ግራ ከሄደ ዘንጉ ወደ ቀኝ፣ ከውሃው ወለል ዝቅ ብሎ ይጎትታል። ወደ ቀኝ ከዞረ ደግሞ ዘንጉ ወደ ግራ ይሄዳል። ዓሣው ሚዛኑን ለመመለስ በሞከረ ቁጥር ጉልበቱን ይጨርሳል። በዚህ መንገድ የሚታገል ሰው ትግሉን ቶሎ ይጨርሰዋል።

ክር የሚሰበሰበው በዘንጉ ነው፤ መጠቅለያው የመጣውን ያስቀምጣል እንጂ አይጎትትም። ዘንጉ በዝግታ ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ከዚያ ወደ ዓሣው እየተመለሰ የተገኘው ክር ይጠቀለላል። በዚህ መሐል አንድ ክፉ ልማድ አለ። ክንዱ የደከመ ሰው ግራ እጁን ከቡሹ በላይ ዘርግቶ የዘንጉን መሐል ይጨብጣል። ያን ጊዜ ከእጁ በታች ያለው ወፍራም ግንድ ሥራ ያቆማል፤ ሸክሙ ሁሉ ከእጁ በላይ ባለው ቀጭን ክፍል ላይ ይወድቃል። ዘንግ በዚህ መንገድ ልክ ከተጨበጠበት ቦታ ላይ ይሰበራል። ክንድ ከደከመ የዘንጉን ጭራ ሆድ ላይ ማስደገፍ ይቻላል፤ ከቡሹ ወደ ላይ ግን እጅ አይወጣም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ መጨረሻዋ ሁለት ሜትር ደርሰናል። ዓሣው ቀርቧል፣ ክሩ አጥሯል፣ ልብ ይመታል። ብቻውን ያለ ሰው ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ክሩን ከልክ በላይ አያሳጥር። ከዘንጉ ጫፍ ውጭ ቢያንስ የዘንጉን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም አራት ሜትር ያህል ክር ይቅር። ወፍራሙ ክር ከናይለኑ ጋር የተቋጠረበት ቦታ በዘንጉ ቀለበት ውስጥ ከገባ ዓሣው ድንገት ሲሮጥ ቋጠሮው ያዝ ያደርጋል፤ ጫፉም አብሮ ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ ዓሣውን ወደ ራሱ ከመሳብ እሱ ራሱ ወደ ኋላ ይሂድ። ዘንጉን ዝቅ አድርጎ በእርጋታ ወደ ደረቁ መሬት እየተራመደ ሲያፈገፍግ ዓሣው ተከትሎት ጥልቀት ወደሌለው ዳር ይመጣል። ዓሣው ከመሬት ጋር ሲነካካ በራሱ መንፈራገጥ ወደ ዳር ይገፋል። ከዚያ ክሩን ሳያላላ፣ እየጠቀለለ ወደ ዓሣው ይመለሳል። እግረ መንገዱን ደግሞ ኋላውን ይይ። አባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፤ የሚያፈገፍግ ሰው ኋላው ላይ ማን እንዳለ ሳያውቅ ባይራመድ ይመረጣል። ደንገል በበዛበት ቦታም ዳሩ መሬት ይሁን ውሃ ለመለየት ያስቸግራል። ዓሣ ከመያዙ በፊት የሚወጣበትን ቦታ መርጦ መቆም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ዓሣውን ለመያዝ ጎንበስ ሲል ዘንጉን ወደ ኋላ አይስቀል። የዘንጉ እጅ ወደ ጎን ይዘርጋ፤ ዘንጉ ከውሃው ጋር የተጋደመ ያህል ዝቅ ይበል። ክንድ ካልደረሰ ከመጠቅለያው ትንሽ ክር መልቀቅ እንጂ ዘንጉን ማጠፍ መፍትሔ አይሆንም።

ረዳት ካለ ነገሩ ይቀላል፤ ረዳቱ ከተቻኮለ ግን ይብሳል። እጀታ ያለው መረብ የያዘ ልጅ ዓሣውን ባየ ቁጥር እንደ ቢራቢሮ አሳዳጅ ውሃውን ቢመታ ዓሣው በድንጋጤ አዲስ ጉልበት ያገኛል። መረቡ ክሩን ቢነካማ ያለቀለት ነገር ነው። ትክክለኛው አሠራር መረቡን አስቀድሞ ውሃ ውስጥ ማስገባትና ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። አጥማጁ የዓሣውን ጭንቅላት ከፍ አድርጎ ወደ መረቡ ይመራዋል። ጭንቅላቱ የመረቡን ጠርዝ አልፎ ሲገባ መረቡ ይነሳል፣ በዚያው ቅጽበትም አጥማጁ ዘንጉን ያላላል። በሁለቱ መካከል የሚያስፈልገው ንግግር አጭር ነው። “ቆይ፣ ቆይ... አሁን!” ይበቃል። ትእዛዙን የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ከዳር የቆመ ተመልካች ሁሉ አዛዥ ሲሆን ዓሣው ያመልጣል።

በታንኳ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ወደ ኋላ ማፈግፈጊያ የለውም። ዓሣው በታንኳው ሥር ጠልቆ ወደ ማዶ ቢሄድ ክሩ በታንኳው ጠርዝ ላይ ይታጠፋል፤ ዘንጉም ጠርዙን ተደግፎ ይሰበራል። ያን ጊዜ ማድረግ የሚቻለው አንድ ነገር ነው፤ የዘንጉን ጫፍ እስከ ግማሹ ውሃ ውስጥ ነክሮ ክሩን በታንኳው አፍንጫ በኩል ማዞር። ለማየት እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ግን ይሠራል።

እስካሁን የተወራው ዓሣ ስለሚሰብረው ዘንግ ነው። እውነቱን ለመናገር ከዓሣው ይልቅ ብዙ ዘንግ የሚሰብረው የሚኒባስ በር ነው። ዘንግ ሳይነቀል በመስኮት ወጥቶ የተጓዘ፣ በር የተዘጋበት፣ ከጆንያ ሥር የተደፈጠጠ፣ ያኔውኑ ባይሰበር እንኳ ዓይን የማያየው ጭረት ይይዛል። ከባድ ማጥመጃ ሲወረወር ዘንጉን ከመታውም እንዲሁ ነው። ጭረቱ ከሳምንት በኋላ ትልቁ ዓሣ ሲመጣ ይናገራል። መጋጠሚያዎቹም እየተወረወረ በሄደ ቁጥር ይላላሉ፤ በየተወሰነ ጊዜ በእጅ ጠበቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ማጥመጃው ከድንጋይ ወይም ከግንድ ሥር ከተያዘ ደግሞ በዘንጉ መታገል አይገባም። ዘንጉን ወደተያዘበት አቅጣጫ ቀጥ አድርጎ፣ ክሩን በእጅ ይዞ ወደ ኋላ መሄድ ነው፤ የሚበጠሰው ናይለኑ ይሆናል። ናይለን ይተካል። ቋጠሮ ሲታሰርም ከመጥበቁ በፊት በምራቅ ይርጠብ፤ ደረቅ ቋጠሮ ሲጠብቅ በሰበቃ ሙቀት ናይለኑን ያዳክመዋል።

ትግሉን ቶሎ መጨረስ ለምን ያስፈልጋል? ዓሣውን ቀስ ብሎ አንድ ሰዓት ሙሉ ማድከም አይቻልም ወይ? ይቻላል። ዓሣው ግን ከዚያ በኋላ ቢለቀቅም ላይተርፍ ይችላል። ረጅም ትግል በዓሣው ጡንቻና ደም ውስጥ አሲድ ያከማቻል፤ ከዚህ ለማገገም ደግሞ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶ ያህል ነው፤ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። በቀዝቃዛ የስኮትላንድ ወንዝ ከተያዘ ሳልሞን ይልቅ ሞቅ ባለው የጣና ውሃ የደከመ ነጭ ዓሣ ትንፋሽ የሚመልሰው በጭንቅ ነው። ለምግብ የሚፈልገው ሰው ወዲያውኑ በአንድ ምት ይግደለው፤ ሥጋውም ይሻላል። የሚለቅ ሰው እጁን በውሃ ያርጥብ፣ ዓሣውን ከውሃ ሳያወጣ መንጠቆውን ይንቀል፣ ጭንቅላቱን ወደ ወራጁ አዙሮ በራሱ እስኪዋኝ ይያዘው። ያለ ጋሬጣ የተሠራ መንጠቆ እዚህ ላይ ውለታ ይውላል።

የመጨረሻው ነጥብ ነጭ ዓሣን ከሳልሞን ጋር የሚያመሳስለው ነው። ከ15ቱ የጣና ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው ወንዝ ይወጣሉ። ከሐምሌ ጀምሮ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በግልገል ዓባይ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ጎርፉን እየተቃወሙ ወጥተው ንጹሕና ጠጠራማ ወለል ባላቸው ገባሮች ውስጥ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ድረስ እንዲህ ይቀጥላል። ከብዙዎቹ የፓስፊክ ሳልሞኖች በተለየ እንቁላል ከጣሉ በኋላ አይሞቱም፤ ወደ ሐይቁ ተመልሰው በሌላ ክረምት እንደገና ይወጣሉ። ወይም ይወጡ ነበር።

በ1980ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና ገቡ። በወንዝ አፍ ላይ የተሰበሰበ ዓሣ ለመረብ የተመቸ ነው፤ በገባሮቹ ላይም ውሃው በብርብራ ፍሬ ዱቄት እየተመረዘ ዓሣው ይለቀማል። ሆላንዳዊው ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የታየውን ለውጥ አጥንተው ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ክብደት በአሥር ዓመት ውስጥ በ75 በመቶ መቀነሱን አሳይተዋል። የጫጩቶቹ ቁጥር የወረደው ደግሞ በ90 በመቶ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ እምቦጭ መጣ፤ በወንዞቹ ላይ የመስኖ ግድቦች ተሠሩ። ይህን የሚከታተለው የባህር ዳር ዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ዩኔስኮ ጣናን በ2015 እ.ኤ.አ. የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ መዝግቦታል፤ መዝገብ ግን ጉማራ አፍ ላይ የተዘረጋን መረብ አያነሳም።

በዘንግ የሚያጠምድ አንድ ሰው የሚወስደው ከአንድ መረብ ጋር አይወዳደርም። ሆኖም በነሐሴ ወር በወንዝ አፍ ላይ የሚይዘው ትልቅ ዓሣ በአብዛኛው ሆዷ በእንቁላል የተሞላ እናት ናት፤ ትልቅ ስለሆነች ደስ ያሰኘችው እሷ ናት። ስለዚህ ፍላይ ዘንግ ያላችሁም፣ ወደፊት የምትገዙም አድማጮች፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት አጋማሽ የወንዞቹን አፍና ገባሮቻቸውን ተዉላቸው። በእነዚያ ወራት ከወንዝ አፍ ርቃችሁ በሐይቁ ዳር አጥምዱ፤ አምባዛም ቆሮሶም አለላችሁ። ፈቃድን በሚመለከት አስቀድማችሁ የወረዳችሁን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ አገሪቱ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ያላት ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ነው።